በጾም ዜማ የተለካ ስንዴ

በአዳማ ከተማ፣ ያን ጊዜ ሁላችን ናዝሬት በምንላት፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ አንድ የመንግሥት የእህል መጋዘን ነበረ። በመጋዘኑ ጫፍ፣ ቀድሞ ባዶ ጆንያ ይከመርባት የነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። መስኮቷ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ መካከሏም በወፍራም መጋረጃ ተከፍሏል። ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት ሴት ትቀመጥ ነበር፤ ከመጋረጃው ወዲህ እኔ። በደርግ ዘመን ከኖርኋቸው ዓመታት ሁሉ በቀን ከሰው ጋር የተነጋገርሁባቸው ወራት እነዚያ ብቻ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እኔ በድጓ ቤት ያደግሁ፣ በኋላም በሸዋ ደጋ በአንድ ደብር መሪጌታ ሆኜ ያገለገልሁ ሰው ነኝ። የደብሩ መሬት ሲወረስ የአገልጋዩ መተዳደሪያ አብሮ ሄደ፤ እኔም እንደ ብዙዎቹ ወደ ቆላው ወረድሁ። ባለቤቴ በወረድን በማግሥቱ ክረምት በወባ ዐረፈች። ልጅ አልሰጠንም ነበር። በመጋዘኑ ናሙና ተቀባይ ሆኜ ተቀጠርሁ። ከየጭነት መኪናው ላይ ጆንያውን በሹል ቱቦ እየወጋሁ ጥቂት ጥቂት ስንዴ እቀዳለሁ፤ በጣሳ አድርጌ ለሚመረምሩት አቀርባለሁ። ለዚህ ሥራ ንግግር አያስፈልገውም። ማታ ወደ ቀበሌ ቤቴ እገባለሁ፤ እዚያም ንግግር የሚያስፈልገው ነገር የለም።

እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ይጠራ ነበር፤ ያልተገኘም ይጠየቃል። ስለዚህ በከተማው ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ስንቆም ከግራ ወገን የሚቀበል ሰው የሚታጣበት ጊዜ ብዙ ነበር። አንዳንድ ሰንበት እኔው መርቼ፣ ወደ ግራ ተሻግሬ እኔው ተቀብያለሁ። ሰው ለራሱ ጥያቄ ራሱ ሲመልስ ድምፁ ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

ያቺ ሴት የመጣችው በአንድ የጥቅምት ወር ነው። የባቱ ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ ዝዋይ የምትባለው። ባሕር ማዶ ተልካ ስለ ብርሃን ተምራ የተመለሰች፣ ዕድሜዋ ሠላሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ነገሯን ሁሉ በቀልድ የምትጀምር ሴት ነበረች። ይዛ የመጣችው ከዳቦ ቅርጫት የማይበልጥ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ ወደ ጠባቧ ክፍል አስገባትና እኔን ጠራኝ።

«ጓድ መሪጌታ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሰዓት በፊት የእሷ ረዳት ነህ» አለኝ። ጓድና መሪጌታን አንድ ላይ መጥራት ለእሱ የዘወትር ጨዋታው ነበር። «መነጽርህን አትርሳ፤ የመለኪያ መርፌ ታነብባለህ።»

ኃላፊው ከወጣ በኋላ ሴቲቱ ሣጥኑን እየከፈተች፣ «ጓድ ልበልዎ ወይስ መሪጌታ?» አለችኝ።

«አንዱ የሹመት ነው፤ ሌላው የጊዜው ነው። የመረጥሽውን በይ።»

«እንግዲያው መሪጌታ። እኔ እንኳ ለአንዱ ብቻ ነው ትንፋሽ ያለኝ።»

የመጣችበትንም ጉዳይ በዚያው ዕለት ሳትደብቅ ነገረችኝ። አሮጊት እናቷ ባቱ ብቻዋን ትኖራለች፤ ሌላ ልጅ የላትም። ልጂቱ ከባሕር ማዶ ስትመለስ መሥሪያ ቤቷ ወደ ጋምቤላ መድቧት ነበር። እሷም ይህን ሣጥን ለናዝሬት መጋዘን እሠራለሁ ብላ ለምና ጊዜ ተሰጣት። የመርማሪ ኮሚቴ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሣጥኑ በትክክል ሲሠራ ካየ ክፍሏ ትጸናለች፤ እሷም በየቅዳሜው እናቷን እያየች ናዝሬት ትቀራለች። ካልሠራ ጋምቤላ። «ስለዚህ መሪጌታ፣ የእናቴ ልጅ ሆኜ የምቀረው በዚህ ቆርቆሮ ነው» አለች። ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

የሣጥኑ ጥቅም ይህ ነው። እርጥብ ስንዴ መጋዘን ከገባ ይሞቃል፤ ከሞቀ ይሻግታል። ስለዚህ እርጥበቱ መታወቅ አለበት። ያን ጊዜ የሚታወቀው ስንዴውን መዝኖ፣ በምድጃ አድርቆ፣ እንደ ገና በመመዘን ነበር። ይህም ከጠዋት እስከ ማታ ይፈጃል። ከአርሲ ነገሌ ስንዴ ጭነው የመጡ መኪኖች እስከ ማግሥቱ በሩ ላይ በፀሐይ ይሰለፋሉ፤ ገበሬዎቹም ከጎማው ጥላ ሥር ያድራሉ።

«ዓይናችን ከቀይ ወዲያ ያለውን ብርሃን አያየውም» አለችኝ አንድ ቀን፣ የምሠራውን ሳላውቅ እንዳልሠራ ብላ። «እሱ ግን አለ። እሳት ዳር ሲቀመጡ ፊትዎን የሚያሞቅዎ የእሱ ወገን ነው። ውኃ ደግሞ ይህን ብርሃን ይጠጣዋል። እርጥብ ስንዴ ብዙ ይጠጣል፤ ደረቅ ስንዴ ጥቂት። ከስንዴው ተርፎ የተመለሰውን ለካሁ ማለት እርጥበቱን ዐወቅሁ ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ?»

«የሚያየው ዓይን ነዋ። ፈረንጆቹ ቁም ሣጥን የሚያህል ማሽን አላቸው፤ ዓይኑን በብርድ ማቆየት አለባቸው፤ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። እኔ የያዝሁት ሲሊኮን ነው፤ በየሬዲዮኑ ሆድ ውስጥ ያለው። ርካሽ ነው። ነገር ግን ውኃ ለሚጠጣው ለዚያ ብርሃን ዕውር ነው።»

«ዕውር ይዘሽ መንገድ ልትመሪ ነው?»

«ወርቅ አለበስሁታ» አለች። ጥፍር የምታህል ቁራጭ በመቆንጠጫ አንሥታ አሳየችኝ። ወርቁ ከእስትንፋስ የሳሳ ነው፤ በላዩም ዓይን የማይለየው ትልም ተተልሟል። ብርሃኑ በልኩ ዘንበል ብሎ ሲመታው እንደ መስተዋት አይመለስም፤ በወርቁ ቆዳ ላይ እንደ ሐይቅ ሞገድ ይሮጣል። ያ ሩጫ ከሥሩ ያለውን ሲሊኮን ይቀሰቅሰዋል፤ ጥቂት ኤሌክትሪክም ይንጠባጠባል። እያንዳንዱ የብርሃን ዓይነት ደግሞ የራሱ ዘንበልታ አለው። ስለዚህ ያቺን ቁራጭ በትንሽ ብሎን ጥቂት በጥቂት ያዞሯት እንደ ሆነ ብርሃኑን በየዓይነቱ ትለይልናለች።

አፌን ልከፍት ስል እጇን አነሣች። «ስለ ሰምና ወርቅ ግን እንዳይጀምሩኝ። ቅኔ ተማሪ ቤት ነው የጣለኝ።»

ሥራችን እንዲህ ነበር። እሷ ከመጋረጃው ወዲያ በጨለማ ተቀምጣ ብሎኑን ታዞርና «ዞረ» ትለኛለች። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ መርፌዋ እስክትረጋ ጠብቄ ያመለከተችውን እናገራለሁ። ነገር ግን መብራቱ ቁራጯን ቀስ በቀስ ያሞቃታል፤ ስትሞቅም መርፌዋ ከፍ እያለች ትሄዳለች። ስለዚህ የምንጠብቀው ጊዜ ሁልጊዜ እኩል መሆን ነበረበት። የግድግዳው ሰዓት የሰከንድ ዘንግ የለውም፤ የእሷም የእጅ ሰዓት እንዲሁ። ቁጥር እንድቆጥር ነገረችኝ። ሞከርሁ። ግን ተሸካሚዎቹ በደጅ ጆንያ ሲጥሉ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፤ የእኔ ልብ ቁጥር አይይዝም። በመጨረሻ፣ «አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ልበልበት?» አልኋት። በአገራችን እንቁላል እንኳ የሚቀቀለው በጸሎት ቁጥር ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያልሁት ነውና አንደበቴ አይስተውም፤ ሁካታም አያቋርጠውም።

ከመጋረጃው ወዲያ «እሺ» አለች። «ባሕር ማዶ ያሉት አስተማሪዎቼ ብቻ እንዳይሰሙ።»

እንዲህ አድርገን ከታሸጉ ብልቃጦች ውስጥ ያለውን ስንዴ ሁሉ ለካን። የየብልቃጡ እርጥበት አስቀድሞ በምድጃ ታውቋል፤ ሣጥኑ የሚያሳየውን ከዚያ ጋር እያስተያየች መለኪያዋን ሠራች። ገና አለፈ፤ ጥምቀት አለፈ። መርፌዋ አልዋሸችም። ቅዳሜ ወደ እናቷ ትሄዳለች፤ ሰኞ ጠዋት የሐይቁን ዓሣ በወረቀት ጠቅልላ ትመጣለች። እኔ ወደ ክፍሏ ስገባ «አካም ቡልታን፣ መሪጌታ» ትለኛለች፤ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው፤ እኔም በተሰበረ ኦሮምኛዬ እመልስላታለሁ። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ እርምጃዬ ፈጥኖ አገኘዋለሁ። ይህ ለእኔ እንግዳ ነገር ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። በመጀመሪያው ሰኞ ዓሣዋን ይዛ መጣች።

«አልበላም፤ ጾም ነው» አልኋት።

«ዓሣ እኮ ነው።»

«ዓሣ ነፍስ የለውም?»

«በሐይቅ ውስጥ የበቀለ ጎመን ነው ብለው ይብሉታ።»

«በእናንተ ሰዎች ዘንድ ጾም የለም እንዴ?» አልኋት፤ የእናቷ ወገን ጴንጤ መሆኑን ነግራኝ ነበርና።

«የእኛማ ጸሎት ቤት ከታሸገ ስንት ጊዜው» አለች ዓሣዋን መልሳ እየጠቀለለች። «ሳንወድ ከጉባኤው ከጾምን ቆየን።» ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ ዓሣ አላመጣችም። ከእኔ ጋር ቆሎ ትቆረጥም ነበር፤ እሱንም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ እኔ ስፈታ ጠብቃ።

ችግሩ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። በየጠዋቱ ሥራ ስንጀምር አስቀድመን የምንለካው አንድ ብልቃጥ ነበረ፤ የአርሲ ነገሌ ስንዴ፣ አፉ የታሸገ። መርፌዋ በእርሱ ላይ ከወትሮው ከፍ አለች። ሣጥኑ ስንዴው ደርቋል ይለናል፤ የታሸገ ስንዴ ግን አይደርቅም። በማግሥቱ ደገምነው፤ ያው ነው። በቀጣዩ ሳምንት ይባስ ብላ ከፍ አለች። መብራቱን ለወጠችው፤ ሽቦውን ፈትታ እንደ ገና በየደች። መስተዋቱን ወለወለች። አልተመለሰም።

«ወርቁ እየለቀቀ ነው» አለችኝ አንድ ቀን በቀስታ። «ሌላ ቁራጭ የለኝም። እዚህ አገር የሚሠራበትም ቦታ የለም።»

ቀልድ አልጨመረችበትም። ኮሚቴው ከሆሣዕና በፊት እንደሚመጣ ተነግሮናል። የዚያን ቅዳሜ ባቱ ስትደርስ እናቷ ለልጅቷ አልጋ አዲስ የገለባ ፍራሽ አሰፍታ እንደ ጠበቀቻት ነገረችኝ፤ በየሳምንቱ የምትመጣ ልጅ የራሷ ፍራሽ ያስፈልጋታል ብላ። ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጬ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሷ «ዞረ» ባለች ቁጥር ያችን ጸሎት ስለ እሷ አደረግኋት። እያንዳንዱን ቃል አስቤ፣ አመዛዝኜ፣ ወርቁ እንዲጸና፣ ልጂቱም እንዳትሄድብኝ እያልሁ ጸለይሁ። በእሷ ስም ለምኜ ለራሴም እንደምለምን ዐውቃለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ብሎኑን አዙራ ስትጠብቅ ድምፄ ዘገየባት። መጋረጃውን ገልጣ ብቅ አለች። ዓይኔን ጨፍኜ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል።

«ገና ነዎት እንዴ?»

ጨርሼ ዓይኔን ገለጥሁና ቁጥሩን ነገርኋት። አልጻፈችውም።

«መሪጌታ፣ እስቲ ጮክ ብለው ይበሉልኝ» አለች። ከዚያም ሰዓቷን ፈትታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈች፤ ዘንግ ባይኖራትም ምቷ ይሰማል። አልሁላት። ጨረስሁ።

«አሁን ደግሞ በጥምቀት ሰሞን ይሉት እንደ ነበረው።»

ያን ጊዜ ነገሩ ለእኔም በራልኝ። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ ዜማው ይሰክናል፤ ሌሊቱን በጾመ ድጓ የቆየ አንደበትም ቀን ሲናገር በዚያው እርጋታ ይሄዳል። ከዚህ ላይ ደግሞ የእኔ ጭንቀት ነበረ። ስለ እሷ በጸለይሁ መጠን ጸሎቱ ይረዝማል፤ በረዘመ መጠን ቁራጯ ትሞቃለች፤ በሞቀች መጠን ሣጥኑ ይስታል። ወርቁ ምንም አልሆነም። የረዘመው የእኔ ልመና ነበር።

እሷ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ከብዙ ቀን በኋላ። «ስለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፈጠን ይበሉ።»

«በጾም?»

«በጾም፣ አዎ። ትንሽ ብቻ።»

«ልጄ፣ ይህ የዜማ ነገር አይደለም። በጾም ወራት አባታችን ሆይ እያልሁ ልሩጥ? የማን ባሪያ ነው ጌታውን ተናግሮ ለመገላገል የሚቸኩል?»

«እንግዲያው እኔ ልጸልይ። የእኛ ይፈጥናል።»

«እጅሽ ብሎን ላይ፣ ዓይንሽ ብርሃኑ ላይ፣ አፍሽ ጸሎት ላይ። የትኛው ላይ ነው ልብሽ የሚሆነው?»

ኮሚቴው ሊመጣ ቀናት ቀርተዋል፤ እናቷ አለች፤ እኔም በእንቢታዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ልለሰልስ ቀርቤ ነበር። እንዲያውም ተነሥቼ «እሺ» ልላት ስል፣ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ከመደርደሪያ እያወረደች አየሁ።

«ሣጥኑ ጸሎቱ አጭር ይሁን ረጅም ግድ የለውም» አለች። «አንድ ዓይነት ይሁንለት እንጂ። ሁሉንም በጾሙ ዜማ እንደ ገና እንለካዋለን። አንድ ነገር ብቻ፣ መሪጌታ። ስለ እኔ መለመኑን ከሥራ ሰዓት ውጭ ያድርጉት።»

የስንት ወር ሥራ ከመጀመሪያው ጀመርን። በመጋቢት የናዝሬት ነፋስ አቧራውን በበሩ ሥር ያስገባል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንኳኳል። «ዞረ» ትላለች፤ እጸልያለሁ፤ ቁጥሩን እነግራታለሁ። ከዚህ በቀር ቃል ሳንለዋወጥ የምንውልባቸው ቀናት ነበሩ። ብቻዬን ሆኜ ዝም ማለትን ዐውቅ ነበር፤ ከሌላ ሰው ጋር ዝም ማለት ግን ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ያን ጊዜ ነው የተመለሰልኝ።

ኮሚቴው ከሆሣዕና በፊት ሳይመጣ ቀረ። የመጣው ከፋሲካ በኋላ፣ በበዓለ ሃምሳ ነው፤ ከበሮው ወጥቶ፣ ዜማው ፈጥኖ፣ ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ። አንደበቴም ከሕዝቡ ጋር ወደ ደስታው ዜማ ተመልሶ ነበር። ሰዎቹ ካኪ ለብሰው ክፍሏን ሞሏት። ገና ከአርሲ ነገሌ የደረሰ ስንዴ ከመኪና ላይ በቱቦ ቀድቼ አመጣሁ። እኩሌታው ወደ ምድጃ ሄደ፤ እኩሌታው ወደ ሣጥኑ።

«ዞረ» አለች።

ዓይኔን ጨፍኜ፣ የጠገበ ሆዴን ረስቼ፣ ከበሮ የሌለበትን ማኅሌት በልቤ አቆምሁ።

«ይህ ሽማግሌ ምን ያጉረመርማል?» አለ ከካኪዎቹ አንዱ።

«ጊዜ እየለካ ነው፣ ጓድ» አለች ከመጋረጃው ወዲያ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ቀበል አድርጎ፣ «ከእኛ መሥሪያ ቤት ሰዓት እሱ ይሻላል» አለ። ሳቁ። እኔ አላቋረጥሁም።

ምሳ ሳይደርስ እሷ የሣጥኑን መልስ ተናገረች። ማታ ምድጃው የራሱን ተናገረ። ሁለቱ ገጠሙ። የኮሚቴው ሰብሳቢ እጇን ጨበጣት፤ ቁራጯንም በመቆንጠጫ አንሥቶ ወደ መብራቱ አዞራት። «ድንቅ ነው። ለአገር ልጅ ሥራ ድንቅ ነው» አለ። ከዚያም እንደ ቀላል ነገር፣ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ትልቅ ማሽን በዕርዳታ እንደሚመጣ፣ ክፍሏም ለእርሱ ማራገፊያ እንደምትፈለግ ነገራት።

«የእኔስ ቦታ?» አለች።

«የቀድሞው ምደባሽ አልተሻረም።»

ሣጥኑ ሠርቷል፤ እሷ ግን ትሄዳለች። ይህን ለመቀበል ልቤ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ጥፋት ቢገኝ ሰው የሚታገለው ነገር አያጣም፤ ይህ ግን ጥፋት አልነበረበትም።

ወደ ጋምቤላ በሄደችበት ቀን አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። ሣጥኑን በነጠላ ጠቅልላ በጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች። «እናቴ አማርኛዋ ጥቂት ነው» አለችኝ በመስኮቱ። «ደግሞ ሰው መለመን አትወድም።» ሄደው ይዩልኝ ግን አላለችኝም። አውቶቡሱ ተነሣ።

ጠባቧ ክፍል ተቆለፈች። ትልቁ ማሽን እኔ ጡረታ እስክወጣ አልመጣም፤ መኪኖቹም እንደ ቀድሞው በሩ ላይ ያድሩ ነበር። ቱቦዬን ይዤ ከጆንያ ወደ ጆንያ መሄዴን ቀጠልሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በአንድ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ከሥራ እንደ ወጣሁ፣ ዳቦ ገዝቼ የሞጆን አውቶቡስ ያዝሁ፤ ከዚያም በመቂ አድርጌ ባቱ ደረስሁ። አንድ የጋሪ ነጂ ቤቱን ያውቀው ነበር። አሮጊቷ በሩ ላይ በርጩማ አውጥታ ወደ አውራ ጎዳናው እያየች ተቀምጣለች። ማን እንደ ሆንሁ በተሰበረ ኦሮምኛዬ ነገርኋት። ዳቦውን ተቀበለች፤ ቦታም ለቀቀችልኝ።

«ዮም ዱፍቲ?» አለችኝ። መቼ ትመጣለች ማለቷ ነው።

«ኒ ዱፍቲ» አልኋት። ትመጣለች አልኋት፤ መቼውን አላውቅምና።

አነጋገሬ አሳቃት። ቃሉን እሷው አስተካክላ ደገመችልኝ፤ እኔም ከኋላዋ ተቀበልሁ። ከዚያ ወዲያ ብዙ አልተናገርንም። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይመጣል፤ ጋሪዎች ያልፋሉ።

በየቅዳሜው እሄድ ጀመር። ከጊዜ በኋላ ስደርስ ሁለተኛ በርጩማ በሩ ላይ ወጥቶ አገኘው ነበር። ከሩቅ ስታየኝ እጇን ታነሣለች፤ ቀርቤ ጉልበቷን እስክስም ድረስ ግን ዓይኗ ከእኔ ኋላ፣ ከአውቶቡሱ ገና የሚወርዱት ሰዎች ላይ ነው። እኔም ከጎኗ ከተቀመጥሁ በኋላ ወደዚያው አያለሁ።